የዩኤስቢ ሆስት ኮንትሮለር ኢንተራፕት፦ የትኛው አያያዝ ለየትኛው ሥራ?

የሆስት ኮንትሮለር (የኮምፒውተሩን የዩኤስቢ ፖርቶች የሚያስተዳድረው ክፍል) ድራይቨር የሚጽፍ ሰው ስለ ኢንተራፕት፣ ማለትም ሃርድዌሩ ፕሮሰሰሩን ስለሚጠራበት ምልክት፣ ሦስት ጥያቄዎች ተደባልቀው ይገጥሙታል። ጥሪው ከኮንትሮለሩ ወደ ፕሮሰሰሩ በምን መንገድ ይድረስ? ከደረሰ በኋላ ሥራው የት ይሠራ? በሰከንድስ ስንት ጊዜ ይምጣ? ብዙ ጊዜ ክርክሩ “ኤምኤስአይ (በመልእክት መጥራት) ይሻላል ወይስ ትሬድ (ሥራው ራሱን ችሎ የሚሄድበት የከርነል ክር)?” ተብሎ ይነሳል። ይህ “በአውቶቡስ ልሂድ ወይስ ጠዋት ልሂድ?” እንደማለት ነው፤ ሁለቱ አማራጮች አይፎካከሩም። ስለዚህ ከዚህ በታች ሦስቱን ለየብቻ እንመዝናለን።

አንድ የስም መምታታት አስቀድሞ ይጥራ። ዩኤስቢ ውስጥ ኪቦርድና ማውዝ የሚጠቀሙበት “ኢንተራፕት ትራንስፈር” የሚባል የዝውውር ዓይነት አለ። ስሙ እንጂ ነገሩ ኢንተራፕት አይደለም፤ እስከ ዩኤስቢ 2.0 ድረስ ኮንትሮለሩ ራሱ በተወሰነ ጊዜ እየዞረ መሣሪያውን “አዲስ ነገር አለ?” ብሎ ይጠይቃል። በዩኤስቢ 3 መሣሪያው ዝግጁነቱን ማሳወቅ ቢችልም የሚያሳውቀው ለኮንትሮለሩ ነው። እዚህ የምናወራው ኮንትሮለሩ ፕሮሰሰሩን ስለሚጠራበት የሃርድዌር ኢንተራፕት ብቻ ነው።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መመዘኛ መዘግየት ነው። የዩኤስቢ 2.0 ማይክሮፍሬም 125 ማይክሮሰከንድ ነው፤ ድምፅና ቪዲዮ የሚያስተላልፉ መሣሪያዎች የሚኖሩት በዚህ ሰዓት ነው። ፍላሽ ዲስክ ግን ጥቂት መቶ ማይክሮሰከንድ ቢዘገይበት ተጠቃሚው አያውቅም።

ሁለተኛው የፕሮሰሰር ወጪ ነው። እዚህ ላይ ኢንተራፕት መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ በእያንዳንዱ ኢንተራፕት ስንት ጊዜ ሬጅስተር (የኮንትሮለሩ የውስጥ መመዝገቢያ) እንደሚነበብም ይቆጠር። ኮንትሮለሩን ከፕሮሰሰሩ ጋር በሚያገናኘው በፒሲአይ ኤክስፕረስ ላይ መጻፍ ተልኮ የሚተው ነገር ነው። ማንበብ ግን መልሱ ደርሶ እስኪመለስ ድረስ ፕሮሰሰሩን አቁሞ ያስጠብቃል።

ሦስተኛው መጋራት ነው፦ መስመሩ የእኛ ብቻ ነው ወይስ ጎረቤት አለው? አራተኛውን ብዙዎች ይዘሉታል፤ በእኛ ሚዛን ግን ከሁሉም ይከብዳል፦ ሲበላሽ እንዴት ይበላሻል? አንዳንዱ አያያዝ ሲሳሳት እየጮኸ ይሳሳታል፤ ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ይያዝና ወዲያው ይታወቃል። ሌላው ዝም ብሎ ይቆማል፤ እሱን ለማግኘት ቀናት ይፈጃል።

ጥያቄ አንድ፦ ጥሪው በምን ይድረስ?

*የመስመር ኢንተራፕት።* የቆየው መንገድ ነው። በሌቭል ይሠራል፤ የጥሪው ምክንያት ከኮንትሮለሩ እስኪጸዳ ድረስ መስመሩ እንደተነሳ ይቆያል። በፒሲአይ ኤክስፕረስ ላይ እውነተኛ ሽቦ የለም፤ “ተነሳ” እና “ወረደ” በሚሉ ሁለት መልእክቶች ይመሰላል፤ ለድራይቨሩ ግን ጠባዩ ያው ነው። ጥሩ ጎኑ ይቅር ባይነቱ ነው፤ አንድ ምክንያት ሳይጸዳ ቢቀር ሃንድለሩ (ጥሪውን የሚቀበለው የድራይቨሩ ኮድ) እንደገና ይጠራል እንጂ ጥሪው አይጠፋም።

ችግሩ ጎረቤት ነው። መስመሩን የሚጋራው ሌላ መሣሪያ በጠራ ቁጥር የእኛም ሃንድለር ይነሳና የሁኔታ ሬጅስተሩን አንብቦ “የእኔ ነው” ወይም “የእኔ አይደለም” ማለት አለበት። መልሱ ውሸት ሲሆን መዘዙ ብዙ ነው። የራሱን ጥሪ “የእኔ አይደለም” የሚል ድራይቨር ሲኖር የሊኑክስ ከርነል ከ100,000 ጥሪዎች 99,900ው ባለቤት አጥተው ሲያይ መስመሩን ይዘጋል፤ በዚያ መስመር ላይ ያለ ጎረቤት ሁሉ አብሮ ይሞታል። ይህን የፈሩ ሰዎች ሁልጊዜ “የእኔ ነው” የሚል ሃንድለር ይጽፋሉ። ይህ ደግሞ ይብሳል፤ ከርነሉ የጎረቤቱን ጥፋት የሚያይበትን ዓይን ያወጣል።

ሌሎች ሁለት ወጥመዶችም አሉ። አንደኛው፣ ምክንያቱን ለማጽዳት የተጻፈው ገና መንገድ ላይ ሳለ ሃንድለሩ ከወጣ መስመሩ እንደተነሳ ነውና በከንቱ እንደገና ይጠራል። መድኃኒቱ ከጻፉ በኋላ ያንኑ ሬጅስተር አንድ ጊዜ ማንበብ ነው። ሁለተኛው፣ ኮንትሮለሩ ኃይል ቆጥቦ ተኝቶ ሳለ ጎረቤቱ ሲጠራ የእኛ ሃንድለር የተኛ ሃርድዌር ያነባል፤ የሚመለስለትም ሁሉም ቢት 1 የሆነ ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር “ሁሉም ምክንያት ተነስቷል” ብሎ የተረጎመ ድራይቨር ወደ ጥፋት ይሄዳል። ሃርድዌሩ መነበብ እንደሚችል የሚናገር ምልክት በሶፍትዌር ይያዝ፤ ሃንድለሩም ሬጅስተር ከመንካቱ በፊት እሱን ይይ።

*ኤምኤስአይ።* ኮንትሮለሩ ወደ ተወሰነ የሜሞሪ አድራሻ አንድ ቁጥር በመጻፍ ይጠራል። ጎረቤት የለም። ትልቁ ጥቅም ግን ቅደም ተከተሉ ነው፦ የጥሪው ጽሑፍ ከዳታው ጽሑፍ ኋላ ተሰልፎ ስለሚመጣ፣ ጥሪው ሲደርስ ዳታው ሜሞሪ ውስጥ ገብቷል። በቆየው ፒሲአይ ላይ ሽቦው ዳታውን ሊቀድም ስለሚችል ሬጅስተር ማንበብ ግዴታ ነበር።

ድክመቱ አንዴ ጠርቶ ዝም ማለቱ ነው። የኢኤችሲአይ (የዩኤስቢ 2.0) ኮንትሮለርን እንውሰድ። ሃንድለሩ ሁኔታውን አነበበ፣ ያነበበውን አጸዳ፤ በመካከሉ ሌላ ምክንያት ተነሳ። በመስመር ቢሆን እንደገና ይጠራ ነበር። በኤምኤስአይ ግን ሁኔታው ሙሉ በሙሉ ወደ 0 ስላልወረደ አዲስ መልእክት ላይላክ ይችላል፤ ዝውውሩም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ “አንብብ፣ አጽዳ፣ እንደገና አንብብ፤ 0 እስኪሆን ድገም” የሚል ዙር ያስፈልጋል። የሊኑክስ የኢኤችሲአይ ድራይቨር ይህን ዙር የጨመረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ኤምኤስአይ 1፣ 2፣ 4 እያለ እስከ 32 ቬክተር (የተለያየ የጥሪ ቁጥር) ይሰጣል፤ ለዩኤስቢ 1 ይበቃል። ኤምኤስአይ አለኝ ብለው የማይልኩ ቺፖችም አሉና ወደ መስመር የመመለሻ መንገድ አይቅር።

*ኤምኤስአይ ኤክስ።* እስከ 2048 ቬክተር ይሰጣል፤ እያንዳንዱም የራሱ አድራሻና የራሱ መዝጊያ አለው። የኤክስኤችሲአይ (የዩኤስቢ 3 ኮንትሮለሮች) ደንብ ደግሞ እስከ 1024 ኢንተራፕተር (ጥሪ ላኪ ክፍል) ይፈቅዳል፤ ለየራሳቸው የክስተት ቀለበት፣ ማለትም ኮንትሮለሩ የሆነውን የሚጽፍበት ዙሪያ ገጠም ወረፋ፣ ይኖራቸዋል። በወረቀት ሲታይ ያማልላል፦ ለእያንዳንዱ ኮር አንድ ቀለበት! ነገር ግን ለኔትወርክ ካርድ ያዋጣው ለዩኤስቢ እምብዛም አያዋጣም። የትእዛዝ መፈጸሚያና የፖርት ለውጥ ክስተቶች ለማንኛውም ወደ 0ኛው ኢንተራፕተር ነው የሚሄዱት፤ የሚከፋፈለው የዝውውር ክስተት ብቻ ነው። ለዚያ ሲባል በየቀለበቱ የራሱ ጠቋሚ፣ የራሱ ሎክ (ሁለት ኮሮች በአንድ ጊዜ እንዳይነኩት የሚቆልፍ) እና የራሱ ስህተት ይመጣል። ሁለተኛ ኢንተራፕተር ትርጉም የሚኖረው የተወሰነ ዝውውር ለሌላ ፕሮሰሰር ሲሰጥ ነው፤ ለምሳሌ የድምፅ ዥረትን ዋናው ፕሮሰሰር ተኝቶ ሳለ የድምፅ ፕሮሰሰር እንዲያስተናግደው።

*በቺፕ ውስጥ የተሠሩ ኮንትሮለሮች* ፒሲአይ የላቸውም። ለብቻቸው የተሰጠ አንድ መስመር ወደ ኢንተራፕት ተቆጣጣሪው ይሄዳል። ስለ ሌቭል የተባለው ሁሉ ለእነሱም ይሠራል፤ የጎረቤቱ ጣጣ ብዙ ጊዜ የለም። ምርጫም የለም፤ የሚቀረው የጥያቄ ሁለትና ሦስት ውሳኔ ነው።

*ፖሊንግ።* ያለ ኢንተራፕት፣ ቀለበቱን በየጊዜው ማየት። ለቡት ሎደርና ለመጀመሪያ ደረጃ የስህተት ፍለጋ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ የኢንተራፕት ተቆጣጣሪው ገና ሳይነሳ ይሠራልና። ገደቡ በሒሳብ ይገኛል። 256 ክስተት የሚይዝ ቀለበት ላይ በሰከንድ 8000 ክስተት ቢመጣ በ32 ሚሊሰከንድ ይሞላል። ስለዚህ በየ10 ሚሊሰከንዱ ማየት ይበቃል፤ በየ50 ሚሊሰከንዱ ማየት ግን ክስተት ያስጥላል።

ጥያቄ ሁለት፦ ሥራው የት ይሠራ?

ሁሉንም በሃርድ ሃንድለሩ (በኢንተራፕቱ ቅጽበት ወዲያው በሚሠራው ኮድ) ውስጥ መጨረስ ቀላሉ ነው፤ የኪቦርድና የማውዝ ብቻ ለሆነ ትንሽ ሲስተም በቂ ነው። ችግር የሚጀምረው ዝውውሩ አልቆ ለጠየቀው ድራይቨር ሲመለስ ነው። የዚያ ድራይቨር ኮልባክ (ዝውውሩ ሲያልቅ የሚጠራው ኮድ) ምን እንደሚሠራ እኛ አናውቅም። የካሜራ ድራይቨር ፍሬም ሊገለብጥ ይችላል፤ ያን ያህል ጊዜ ሁሉ የዚያ ኮር ኢንተራፕት ተዘግቶ ይቆያል።

ለዚህ መልሱ ቦተም ሃፍ ነው። ሃርድ ሃንድለሩ ክስተቱን ከቀለበቱ ያነሳል፣ የተጠናቀቀውን ጥያቄ በዝርዝር ይሰካል፣ ይወጣል፤ ኮልባኩ ኢንተራፕት ተከፍቶ ቆይቶ ይጠራል። ሊኑክስ ይህን አማራጭ ለሆስት ድራይቨሮች ያስገባው በ3.12 ነው። ዝርዝሩ ሁለት ነው፦ ለኢንተራፕትና ለአይሶክሮነስ (ለድምፅና ለቪዲዮ) ዝውውር የሚቀድም፣ ለበልክ (እንደ ዲስክ ላለ ብዙ ዳታ) እና ለኮንትሮል (ለትእዛዝ) የሚከተል። ዋጋው ደግሞ ይህ ነው፦ ኢንተራፕት ተዘግቷል ብለው በመተማመን ተራ ስፒንሎክ (እየዞረ የሚያስጠብቅ ሎክ) የሚይዙ የቆዩ ኮልባኮች ያንኑ ሎክ ከሌላ ሃንድለር ጋር ሲጋሩ ይጣበቃሉ። ሎኩን ሲይዙ ኢንተራፕቱንም የሚዘጋውን ዓይነት መጠቀም አለባቸው።

የትኛውም ቢመረጥ አንድ ሕግ አይለወጥም፦ ኮልባክ ከመጥራት በፊት የኮንትሮለሩን ሎክ መልቀቅ። ኮልባኩ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው አዲስ ዝውውር ይጠይቃል፤ ጥያቄው ያንኑ ሎክ ይፈልጋል። ያልለቀቀ ድራይቨር ራሱን በራሱ ይቆልፋል።

ሦስተኛው ትሬድ ነው። ሥራው መተኛት የሚችል የከርነል ትሬድ ውስጥ ይሄዳል፤ ቅድሚያውም ከሌሎች ሥራዎች ጋር ተነጻጽሮ ይስተካከላል። ለሪል ታይም ሲስተም ይህ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው፤ ከሊኑክስ 6.12 ጀምሮ በዋናው ከርነል የገባው የሪል ታይም አሠራር አብዛኞቹን ሃንድለሮች በግድ ወደ ትሬድ ይቀይራል፤ መነሻ ቅድሚያቸው 50 ነው። ከዚህ በላይ ቅድሚያ ያለው የድምፅ ፕሮግራም የዩኤስቢ ትሬዱን አስርቦ “ድምፄ ተቆራረጠ” ሲል ጥፋቱ የድራይቨሩ አይደለም።

በሌቭል መስመር ላይ ትሬድ ሲጠቀሙ፣ ትሬዱ እስኪጨርስ መስመሩ እንደተዘጋ መቆየት አለበት፤ ያለዚያ ምክንያቱ ገና ስላልጸዳ ጎርፍ ይሆናል። መስመሩ የጋራ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ጎረቤቶች በዚህ ውል መስማማት አለባቸው፤ ካልተስማሙ የኋለኛው ምዝገባ “ተይዟል” ተብሎ ይመለሳል።

ጥያቄ ሦስት፦ በሰከንድ ስንት ጊዜ?

በኤክስኤችሲአይ የሞዴሬሽን (የጥሪ ብዛት መገደቢያ) ሬጅስተሩ የታችኛው 16 ቢት በሁለት ኢንተራፕቶች መካከል የሚኖረውን አነስተኛ ጊዜ በ250 ናኖሰከንድ ክፍልፋይ ይይዛል። 4000 ማለት 1 ሚሊሰከንድ ነው፤ በሰከንድ ከ1000 ጥሪ አይበልጥም። ይህ በደንቡ የተቀመጠ መነሻ ቁጥር ነው። ሊኑክስ 160 ይጽፋል፦ 40 ማይክሮሰከንድ፣ በሰከንድ እስከ 25,000። 500 ቢጻፍ ከአንድ ማይክሮፍሬም ጋር ይገጥማል፤ 0 ማለት ገደብ የለም ማለት ነው።

ብዙ ሰው ሞዴሬሽን እያንዳንዱን ጥሪ የሚያዘገይ ይመስለዋል። አያዘገይም። ቆጣሪው 0 ደርሶ ከቆየ ቀጣዩ ጥሪ ወዲያው ይወጣል፤ የሚጠብቀው ከፊቱ በቅርብ ሌላ የወጣበት ጥሪ ብቻ ነው። አንድ የኪቦርድ ቁልፍ በጸጥታ መካከል ቢጫን 4000 ቢጻፍም አይዘገይም። የ2 ሚሊሰከንድ ቋት ያለው የድምፅ ፕሮግራም ከዲስክ ቅጂ ጋር አንድ ኮንትሮለር ሲጋራ ግን 1 ሚሊሰከንድ መጠበቅ የቋቱን ግማሽ ይበላል።

በኢኤችሲአይ ተመሳሳዩ ቁጥር በትእዛዝ ሬጅስተሩ ከ16 እስከ 23 ባሉት ቢቶች ነው፤ በማይክሮፍሬም ይቆጠራል፣ መነሻው 8 ነው። ኦኤችሲአይ (የቆየው የዩኤስቢ 1.1 ኮንትሮለር) ደግሞ መዘግየቱን በየዝውውሩ መግለጫ ውስጥ በ3 ቢት ያስቀምጣል፤ 7 ከተጻፈ ለዚያ ዝውውር ጥሪ የለም። ሞዴሬሽን የማያድነውም አለ፦ በቆዩት ራስፕቤሪ ፓይ ሰሌዳዎች ያለው ኮንትሮለር የጊዜ ሰሌዳውን ለሶፍትዌር ስለሚተው በየማይክሮፍሬሙ፣ በሰከንድ 8000 ጊዜ ይጠራል። እዚያ መፍትሔ የሆነው ፈጣኑን የኤአርኤም ኢንተራፕት መጠቀም ነበር።

የትኛውም አማራጭ የማያድንበት ቦታ፦ የኤክስኤችሲአይ ቅደም ተከተል

“የመጀመሪያው ኢንተራፕት መጣ፣ ከዚያ ዝም አለ” የሚለው አቤቱታ ሥሩ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እዚህ ነው። ሃንድለሩ ሎክ ይዞ የሁኔታ ሬጅስተሩን ያንብብ። 32ቱም ቢት 1 ከሆነ ኮንትሮለሩ ተነቅሏል ወይም ሞቷል፤ ሁሉንም ጥያቄዎች በስህተት መልሶ ይቁም። የቢት 3 ዋጋ 0 ከሆነ ጥሪው የእኛ አይደለም። የቢት 2 ዋጋ 1 ከሆነ የሲስተም ስህተት ነው፤ ኮንትሮለሩ ይቁም።

ከዚያ ቢት 3 ላይ 1 በመጻፍ ያጽዳ፤ ይህ የኢንተራፕተሩን የመጠባበቂያ ቢት ከማጽዳት መቅደም አለበት። የመጠባበቂያ ቢቱ በኢንተራፕተሩ የማኔጅመንት ሬጅስተር ውስጥ ቢት 0 ነው፤ እሱም 1 ሲጻፍበት ይጸዳል። ማጽጃው 3 እንጂ 1 አይደለም። ቢት 1 የኢንተራፕቱ ማብሪያ ነው፤ 1 ብቻ የጻፈ ሰው ምክንያቱን እያጸዳ ማብሪያውን ያጠፋል። በኤምኤስአይ ሲሠራ ሃርድዌሩ የመጠባበቂያ ቢቱን ራሱ ስለሚያጸዳ ድራይቨሩ ይህን ጽሑፍ ሊዘለው ይችላል፤ ያኔ ስህተቱ ተደብቆ ይኖርና ወደ መስመር የተመለሱ ቀን ይወጣል።

ቀጥሎ ቀለበቱ ይነበባል። እያንዳንዱ ክስተት 16 ባይት ነው፤ የሳይክል ቢቱ (ቀለበቱ በዞረ ቁጥር የሚገለበጠው) ከድራይቨሩ ጋር እስከተስማማ ድረስ ክስተቱ አዲስ ነው። የሳይክል ቢቱን ባዩበትና የቀረውን ባነበቡበት መካከል የንባብ ባሪየር (ንባቦቹ ቅደም ተከተላቸውን እንዲጠብቁ የሚያደርግ ትእዛዝ) ይኑር፤ ያለዚያ ፕሮሰሰሩ አሮጌ ዳታ ከአዲስ ቢት ጋር ሊሰጥ ይችላል። ረጅም ዙር ከሆነ በየ128 ክስተቱ የንባብ ጠቋሚውን ለኮንትሮለሩ ማሳወቅ ቀለበቱ ሞልቶ ክስተት እንዳይጥል ይረዳል።

መጨረሻ ላይ ጠቋሚው ይጻፋል፤ ሲጻፍ ቢት 3 ላይ 1 ይኑር። ይህ “ሃንድለሩ ሥራ ላይ ነው” የሚለውን ምልክት የሚያጸዳ ነው። ከተረሳ ኮንትሮለሩ ገና እየሠራን ይመስለዋልና ሌላ ጥሪ አይልክም።

በአንድ ዓይን

| አማራጭ | መዘግየት | የፕሮሰሰር ወጪ | መጋራት | ሲበላሽ | የሚመጥነው |
|---|---|---|---|---|---|
| መስመር | መካከለኛ | ከፍ ያለ፣ ንባብ ይበዛዋል | አለ | ጎርፍ፣ ይታያል | መመለሻ መንገድ፣ የቆየ ሃርድዌር |
| ኤምኤስአይ፣ 1 ቬክተር | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | የለም | ዝምታ | አብዛኛው ሲስተም |
| ኤምኤስአይ ኤክስ፣ ብዙ ቬክተር | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ፣ ኮዱ ውስብስብ | የለም | ዝምታ፣ በአንድ ቀለበት ብቻ | ዝውውር ለሌላ ፕሮሰሰር ሲሰጥ |
| ፖሊንግ | በድግግሞሹ ልክ | ያለ ሥራም ይበላል | አይመለከተውም | ቀለበት መሙላት | ቡት ሎደር፣ ስህተት ፍለጋ |
| ቦተም ሃፍ | ጥቂት ይጨምራል | ዝቅተኛ | – | የሎክ ስህተት | ካሜራ፣ ዲስክ፣ ኔትወርክ |
| ትሬድ | በቅድሚያው ይወሰናል | የትሬድ መቀያየር ይጨምራል | ስምምነት ይፈልጋል | መራብ | ሪል ታይም |

ለየትኛው ፍላጎት የቱ?

ለተለመደ ኮምፒውተር ወይም ሰርቨር፦ ኤምኤስአይ በ1 ቬክተር፣ አጭር ሃርድ ሃንድለር፣ ቦተም ሃፍ፣ ሞዴሬሽን 160። ከዚህ ለመውጣት የተለካ ምክንያት ያስፈልጋል፤ “ብዙ ኮር አለኝ” ምክንያት አይደለም።

ለድምፅ ሥራ፦ ያው አወቃቀር ሆኖ ሞዴሬሽኑ ከ500 አይበልጥ። ከሁሉ በፊት ግን ዲስኩን ወደ ሌላ ኮንትሮለር ማዛወር ከየትኛውም ቁጥር ይበልጣል። ለሪል ታይም ከሆነ ትሬድ ይሁን፤ ቅድሚያውም ከድምፅ ፕሮግራሙ በላይ ይስተካከል።

በባትሪ ለሚሠራ መሣሪያ ሞዴሬሽኑ ወደ 4000 ይጠጋ፤ ፕሮሰሰሩ ረዘም አድርጎ ይተኛል። የሰው ኃይልና ጊዜ ያነሰው ቡድን በሃርድ ሃንድለር ጀምሮ የኤክስኤችሲአይን ቅደም ተከተል ካረጋገጠ በኋላ ወደ ቦተም ሃፍ ይሂድ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ሲጀምሩ ስህተቱ የቅደም ተከተል ይሁን የሎክ መለየት ይከብዳል።

ለማረጋገጥ ሦስት ሙከራ ይበቃል። መጀመሪያ ኤምኤስአይን ዘግቶ በመስመር ማስኬድ፤ ከላይ የተባለው የ3 እና የ1 ስህተት ያኔ ይታያል። ቀጥሎ ዲስክ እየተገለበጠ የኮንትሮለሩን ካርድ መንቀል ወይም ኮንትሮለሩን ማስተኛት። ሦስተኛው፣ ዝውውር እየሄደ ድራይቨሩን ማውጣት ነው፤ ቅደም ተከተሉም ይህ ነው፦ በትእዛዝ ሬጅስተሩ ቢት 2 ኢንተራፕቱን ማጥፋት፣ ሬጅስተሩን መልሶ ማንበብ፣ በሥራ ላይ ያለ ሃንድለር እስኪወጣ መጠበቅ፣ ምዝገባውን መሰረዝ፣ የቀለበቱን ሜሞሪ መልቀቅ። መጨረሻው ከቀደመ ሃንድለሩ የሌላ ሰው ሜሞሪ ያነባል። ሲጀመር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በጋራ መስመር ላይ ሃንድለሩ በተመዘገበበት ቅጽበት ሊጠራ ስለሚችል ቀለበቱም ሎኩም ቀድመው ዝግጁ ይሁኑ።